ጥፍር ድረስ የሚደርስ ኪኒን



በገንዳ ውሃና በመተማ ቆላ የሚኖር ሰው እግሩ ዕረፍት የለውም። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ በላስቲክ ጫማ ውስጥ እግር በላብ ይርሳል። የእኛ የሴቶቹ እጅ ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት ከውሃ አይወጣም፤ ልብስ እናጥባለን፣ ሊጥ እናቦካለን፣ ጠላ እንጠምቃለን። ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ ሙቀትና እርጥበት ነው። ስለዚህ ጥፍሩ የወፈረ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ መልክ ያመጣ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

ጥፍር አይገድልም ተብሎ ሕመሙ ይናቃል። ኪኒኑም አብሮ ይናቃል። «የጥፍር ኪኒን እኮ ነው» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል፣ ከድንበር ማዶ ይላካል፣ የተረፈው ለጎረቤት ይሰጣል። ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚህን ኪኒን ታሪክ ነው። ታሪኩ ረጅም ቢሆንም መልእክቱ አጭር ነው፦ ጥፍር ድረስ የሚደርስ ኪኒን መላ ሰውነትን ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ጉበትን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ የለም።

(የውጭውን አቆጣጠር «እ.ኤ.አ.» ብዬ፣ የእኛውን «ዓ.ም.» ብዬ ለይቻለሁ።)

ከኪኒን በፊት

በጎንደርና በጎጃም እናቶቻችን እንሶስላ ይወቅጡና እጅና እግራቸው ላይ አስረው ያድሩ ነበር። ጠዋት ሲፈቱት ጥፍሩም መዳፉም ቀይ ይሆናል። ዋናው ነገር ጌጡ ነበር፤ ግን እግር ሲበላና ሲላጥም እንሶስላ ይታሰርበታል። በእኛ ቆላ ደግሞ ከሱዳኖቹ ጋር በመጎራበታችን ሂናው ይበዛል። ሁለቱም የታመመ ጥፍርን መልክ ይሸፍናሉ፤ ከጥፍሩ ሥር የገባውን ፈንገስ ግን ነቅለው አያወጡም።

በሌላው ዓለምም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የታመመ ጥፍር በጉጠት ይነቀል ነበር። የሕፃናት የራስ ጭርት ደግሞ ጭንቅላታቸው ላይ ኤክስሬይ እየተተኮሰ ፀጉራቸው እንዲረግፍ ተደርጎ ይታከም ነበር። ከእነዚያ ሕፃናት አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ የጭንቅላትና የእንቅርት ዕጢ እንደወጣባቸው ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ የኪኒኑን ጉዳት ስንናገር ኪኒኑ ራሱ ስንት መከራ እንዳስቀረ መርሳት የለብንም።

ሁለት ሴቶችና ጥቂት አፈር

ለፈንገስ መድኃኒት ማግኘት ለምን አስቸገረ? ፔኒሲሊን ባክቴሪያን ሲገድል እኛን ብዙ ሳይነካ ነው፤ ባክቴሪያ ከእኛ አካል በጣም የራቀ ፍጥረት ነውና። ፈንገስ ግን በአሠራሩ ወደ እኛ ይቀርባል። እርሱን የሚመታ ዱላ እኛንም ሊነካን ይችላል። የዚህ ታሪክ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለሰው የሚሆን የመጀመሪያውን ጥሩ የፈንገስ መድኃኒት ያገኙት ሁለት ሴቶች ናቸው። ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን ይባላሉ፤ ሁለቱም የኒው ዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ሄዘን ገና በልጅነቷ እናት አባቷን አጥታ በዘመድ ያደገች ናት። ብራውንን ደግሞ አባቷ ትቷቸው ስለሄደ እናቷ በጸሐፊነት እየሠራች አሳደገቻት። ሄዘን በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብራውን ደግሞ በአልባኒ ስለሚሠሩ ናሙናውን በፖስታ ቤት ይላላኩ ነበር። ሄዘን ከየቦታው አፈር ሰብስባ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ታራባለች፤ ፈንገስ የሚገድል ስታገኝ ለብራውን ትልካለች። ብራውን ደግሞ ገዳዩን ንጥረ ነገር አጣርታ መልሳ ትልክላታለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ሄዘን ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ የወዳጆቿ እርሻ ያመጣችው አፈር የሚፈለገውን ሰጠ። መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1950 ለዓለም አስታወቁ። በግዛታቸው ስም ኒስታቲን አሉት። ከሽያጩ የደረሳቸው ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት እንጂ ለራሳቸው አላስቀሩትም።

ኒስታቲን እስከ ዛሬ የሕፃናትን የአፍ ቁስልና የሴቶችን የብልት ፈንገስ ያድናል፤ ጉዳቱም ጥቂት ነው። ጉዳቱ የቀነሰው ቢዋጥም ከአንጀት ወደ ደም ስለማያልፍ ነው፤ በገባበት መንገድ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት ጥፍር አያድንም፤ ደም ውስጥ ያልገባ መድኃኒት ጥፍር ሥር አይደርስም። ነገሩን ሁሉ የያዘው ቁልፍ ይህ ነው። ለጥፍር የሚሆን ኪኒን ደም ውስጥ መግባት አለበት፤ ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ወደ ጉበት፣ ወደ ልብ፣ በማኅፀን ወዳለው ልጅም ይሄዳል።

ጥፍር ድረስ የደረሰው የመጀመሪያው

ግሪሲዮፉልቪን የተገኘው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 ከሻጋታ ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ለሰው የሚጠቅም መሆኑ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ጄንትልስ የተባለ የግላስጎው ተመራማሪ ጭርት ለያዛቸው ትናንሽ እንስሳት አዋጣቸውና ዳኑ። በዓመቱ ለሰው ተሰጠ። መድኃኒቱ በደም ሄዶ አዲስ በሚበቅለው ፀጉርና ጥፍር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፈንገሱም የሚበላው ያጣል። ያ የኤክስሬይ ሕክምናም በዚህ ቀረ።

ነገር ግን ጥፍር የሚያድገው በዝግታ ነው። የእጅ ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስ 6 ወር ያህል ይፈጃል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር። ስለዚህ ግሪሲዮፉልቪን ለጥፍር ሲሰጥ ለወራት፣ ለእግር ጥፍር ዓመት ያህል መዋጥ ነበረበት። በእነዚያ ወራት ራስ ምታት፣ የሆድ መረበሽና ፀሐይ ሲነካ የሚያቃጥል ቆዳ ታየ። መጠጥ ሲደመርበት ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል።

ሴቶችን የሚመለከተው ግን ከዚህ ይከብዳል። ግሪሲዮፉልቪን በፅንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ስለሚሠጋ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በዚያ ላይ በየቀኑ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ኃይል ሊያደክም ይችላል። አስቡት፤ መከላከያዬን እየወሰድኩ ነው ብላ የተማመነች ሴት በዚያው ሰሞን የምትወስደው የጥፍር ኪኒን መከላከያዋን ሊያከሽፍባት ይችላል፤ ያኔ የሚፀነሰው ልጅ ደግሞ መድኃኒቱን የሚያገኘው ገና ሲፈጠር ነው። ለዚህ ነው ኪኒኑን በምትወስድበት ጊዜና ካቆመች በኋላም ለአንድ ወር ሌላ መከላከያ መጠቀም አለባት የሚባለው። ወንዱም ቢሆን ከጨረሰ በኋላ 6 ወር እስኪሞላው ልጅ እንዳይወልድ ይመከራል።

ሁሉን ያድናል የተባለው

እ.ኤ.አ. በ1981 ኬቶኮናዞል በአሜሪካ ተፈቀደ። የተሠራው ቤልጂየም ውስጥ ነው። ጭርቱንም ቋቁቻውንም የአፍና የብልት ፈንገሱንም የሚይዝ ስለነበረ በዓለም ዙሪያ በፍጥነት ተሠራጨ። የሚሠራውም የፈንገሱን የአካል ግድግዳ የሚያበጅ ቅባት እንዳይሠራ በማገድ ነው። ችግሩ የእኛም ጉበት በሚመሳሰል መሣሪያ መሥራቱ ነው፤ ያንን መሣሪያ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ለማጣራት ይጠቀምበታል።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። አንዲት የ39 ዓመት ሴት ለአለርጂ ቴርፌናዲን የተባለ ኪኒን ትወስድ ነበር። የብልት ፈንገስ ሲያስቸግራት ሐኪም ሳትጠይቅ ኬቶኮናዞል ጨመረችበት። በሁለት ቀን ውስጥ እየዞረባት መውደቅ ጀመረች። ሆስፒታል ስትመረመር የልቧ ምት ተዛብቶ ተገኘ። ኬቶኮናዞሉ ጉበቷን ስለያዘው የአለርጂው ኪኒን ሳይጣራ በደሟ ተከማችቶ ልቧን መትቶት ነበር። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ጉዳይዋም ለዓለም ማስጠንቀቂያ ሆነ። ቴርፌናዲን እ.ኤ.አ. በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

የጉበቱ ነገር ግን ቀጠለ። ኬቶኮናዞል በዋጡ አንዳንድ ሰዎች ጉበት ይቆጣል፤ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ጉበታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል፤ ቀድሞ የጉበት ሕመም ያልነበረባቸውም ጭምር። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኪኒኑ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በዚያው ሰሞን የአውሮፓው መሥሪያ ቤት ከገበያ እንዲታገድ መከረ። ሐኪሞች ግን ማዘዛቸውን አላቆሙም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ማስጠንቀቂያውን ደገሙት፤ ከክልከላው በኋላ ለጥፍር ፈንገስ ኬቶኮናዞል የታዘዘለት አንድ ሕመምተኛ ጉበቱ ከሥራ ውጭ ሆኖ ሞቶ ነበርና። ለማይገድል ጥፍር ሰው ሞተ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ይህ ሁሉ የተባለው ስለሚዋጠው ነው። የኬቶኮናዞል ቅባትና የፎረፎር ሻምፑ በቆዳ ላይ ስለሚቀሩ የዚህ ዓይነት ሥጋት የለባቸውም።

ሁለቱ ተተኪዎች

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት የተሻሉ መጡ። ኢትራኮናዞል የኬቶኮናዞል ዘመድ ነው። ቴርቢናፊን ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ምርምሩ የተካሄደው ቪየና ውስጥ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ፣ በ1996 በአሜሪካ ለሕክምና ዋለ። በግሪሲዮፉልቪን ዓመት ይፈጅ የነበረውን ቴርቢናፊን ለእጅ ጥፍር በ6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር በ12 ሳምንት አሳጠረው። ዛሬ በብዙ አገር ለጥፍር የሚመረጠው እርሱ ነው።

የተሻለ ነው ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካው ባለሥልጣን ስለ ሁለቱም አስጠነቀቀ። ኢትራኮናዞል የልብ ድካም ያለበትን ሰው ያባብሳል፤ ሁለቱም አልፎ አልፎ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳሉ። ቴርቢናፊን የአንዳንዱን ሰው ምላስ ጣዕም ያሳጣዋል፤ ወጡ እንደ ውሃ ይሆንበታል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ወራት የሚፈጅበት፣ እስከ መጨረሻው የሚቀርበትም አለ። በእጇ ጣዕም ቤተሰቧን ለምታስተዳድር ወጥ ሠሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ማስጠንቀቂያ አንድ ምክር ነበረበት፤ ኪኒኑ ከመታዘዙ በፊት ከጥፍሩ ተቆርጦ በላቦራቶሪ ይታይ የሚል። ምክንያቱም ከተበላሹ ጥፍሮች ፈንገስ ያለባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀረው በጠባብ ጫማ የተቀጠቀጠ፣ በድንጋይ የተመታ፣ በሌላ የቆዳ በሽታ የተለወጠ ነው። ፈንገስ ለሌለበት ጥፍር የፈንገስ ኪኒን መዋጥ ጉዳቱን ብቻ መግዛት ነው።

ከእኛ አገር ጋር ምን አገናኘው?

ይህ ታሪክ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ሰሊጥ ለማረም ወደ መተማና ሁመራ የወረዱ ስንት የደጋ ልጆች በካላዛር እንደታመሙ እናውቃለን። ለካላዛር ከሚሰጡት መርፌዎች አንዱ አምፎቴሪሲን ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከቬኔዝዌላ አፈር የተገኘ የፈንገስ መድኃኒት ነበር። የካላዛር ተሕዋስ ግድግዳ እንደ ፈንገስ ባለ ቅባት የተሠራ ስለሆነ መድኃኒቱ ያንንም ይመታዋል። የኩላሊት ጉዳቱ ከባድ ስለነበረ በኋላ በስብ ሸፍነው አለዘቡት። ማንም ሰው ይህን መርፌ ገበያ ወጥቶ ገዝቶ አይወጋም፤ ሐኪም ፊት ሆኖ፣ ደሙ እየታየ ይወስደዋል። የጥፍሩ ኪኒን የዚያው ቤተሰብ ጎረቤት ነው፤ በትንሽ ፕላስቲክ ስለመጣ ብቻ ለምን እንንቀዋለን?

ሁለተኛው ታሪክ ከድንበር ማዶ ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ እሾህ ሲወጋው ፈንገስ ሥጋው ውስጥ ይገባና እግሩ ሳያመው ለዓመታት ያብጣል፤ ከቁስሉም ጥቁር ፍሬ ይወጣል። ይህ ማዱራ የሚባለው በሽታ ነው፤ ስሙ ከሕንድ ከተማ የመጣ ነው። ሱዳን ከሁሉ አብልጦ ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ካርቱም ውስጥ የዚህ በሽታ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። እዚያ ሕመምተኞች ለብዙ ጊዜ ሲታከሙ የኖሩት በዚያው በኬቶኮናዞል ነበር፤ የጉበቱ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ ወደ ኢትራኮናዞል ዞሩ። እርሱም ውድ ነው፤ በየቀኑ ለዓመትና ከዚያ በላይ ይዋጣል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ማዕከሉ ፎስራቩኮናዞል የተባለ አዲስ ኪኒን መሞከር ጀመረ። ይህ ኪኒን ጃፓን ውስጥ የተሠራው ለጥፍር ፈንገስ ነበር፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ2018 ለጥፍር ተፈቅዷል። ካርቱም ላይ 104 ሕመምተኞች ገቡበት። ጥቅሙ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መዋጡ ነው። ለሀብታም ጥፍር የተሠራ ኪኒን ለድሃ ገበሬ እግር ዋለ ማለት ነው። ከዚያ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ የሸሹት በመተማ በኩል ወደ እኛ ሲገቡ አይተናል። ማዕከሉም ከጥፋቱ አልተረፈም። የሙከራው ውጤት ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሞ ለዓለም ደርሷል።

እነዚያ 104 ሰዎች ኪኒናቸውን የዋጡት ደማቸው እየተመረመረ፣ የተሰማቸው ሁሉ እየተጻፈ ነው። መድኃኒት ደኅና ነው ወይም አይደለም የሚባለው እንዲህ ባለ መዝገብ ነው። በአገራችንም እንዲህ ያለ መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የመድኃኒት ጎጂ ውጤት በቢጫ ቅጽ እየተሞላ ለመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው የመረጃ መረብ አባል ሆናለች። ዛሬ ሥራው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ነፃ የስልክ መስመሩም 8482 ነው። ቅጹን የሚሞላው የጤና ባለሙያው ነው፤ ነገሩን የሚያውቀው ግን እኛ ስንነግረው ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

ከታሪኩ የምንይዘው

ከእነዚህ መድኃኒቶች ጀርባ ያለው ትምህርት በሌሎች ሰዎች ጉበትና ልብ የተገዛ ነው። እኛ በነፃ ልንወስደው እንችላለን።

አንደኛ፣ ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት በርግጥ ፈንገስ መሆኑ ይታይ። ጥፍር መጠበቅ ይችላል፤ አንድ ወር ቢዘገይ የሚመጣ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ያረገዘች፣ ለማርገዝ የምታስብ ወይም የምታጠባ ሴት ለጥፍር ብላ ኪኒን አትዋጥ፤ ወልዳና አጥብታ ትድረስበት። መከላከያ የምትወስድም ለባለሙያው ትንገር።

ሦስተኛ፣ የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። የቲቢ መድኃኒት ራሱ ጉበትን ይጫናል፤ የእነ ኢትራኮናዞልንም ኃይል ያወርዳል። የኤችአይቪ፣ የደም ግፊት፣ የልብና የወባ መድኃኒቶችም ከእነዚህ ኪኒኖች ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ ኢትራኮናዞል እንዳይሠራ ያደርጋል። የጉበት በሽታ ኖሮባችሁ ወይም መጠጥ የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ፤ የጉበት ምርመራም ጠይቁ።

አራተኛ፣ ኪኒኑን እየወሰዳችሁ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ያለ ምክንያት ከደከማችሁ፣ በቀኝ ጎናችሁ ከጎድን በታች ካመማችሁ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ያን ዕለት አቁሙና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቀረውን ፍሬ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ የታዘዘው ጊዜ ሲያልቅ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ቢሆን አትደንግጡ፤ በራሳችሁም ሌላ አትግዙ። መድኃኒቱ ጥፍሩ ውስጥ ይቆያል፤ ጤናማው ጥፍር ከሥር እየገፋ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው።

ስድስተኛ፣ እግር ሳያም እያበጠ ከሄደ፣ ይልቁንም ጥቁር ፍሬ የሚያወጣ ከሆነ ያ የጥፍር ነገር አይደለም፤ ሳይዋል ሳይታደር ወደ ሐኪም ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ገንዘብ የማያስወጣው ነው፦ እግርን ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ጫማን ፀሐይ ማስመታት፣ የጥፍር መቁረጫን አለመዋዋስ። ለዚህ ጉበት አይከፍልም።